ሁኔታው እስኪጣራ

በቅድሚያ ፖሊሶቹን ማመስገን እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ «ዘገዩ፣ ዘገዩ» እያለ ስማቸውን ያጠፋል፤ ይህ ነውር ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። አልዘገዩም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ገብቷል ሲባል ከምሠራበት ልብስ ንጽሕና ቤት በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስደርስ፣ እነሱ ቀድመውኝ ደርሰው፣ መኪኖቻቸውን በሥርዓት አሰልፈው፣ ቢጫውን ጥብጣብ ከዛፍ ወደ ዛፍ ወጥረው ጨርሰዋል። የዘገዩት መግባቱ ላይ ብቻ ነው። ከቆሙበት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው ርቀት አንዲት እናት ጫማዋን ብትወረውር የምታደርሰው ነው። ይህን የማውቀው ወርውሬ ስላየሁት ነው።

ጥብጣቡ ላይ «ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ እኛ ጎልማሶቹ እንገባለን፤ በልጄ ክፍል፣ ጉልበቴ ከሥሩ በማይገባ ጠረጴዛ ላይ ተጣጥፌ እማራለሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሳልንተባተብ ስወጣው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ከውስጥ ተኩስ ተሰማ።

«ልጄ ውስጥ ናት!» አልኩ።

ከፊቴ የቆመው ወጣት ፖሊስ በጣም ረጅም ነው። በኋላ እኛ ሴቶቹ «ምሰሶ» የሚል ስም አወጣንለት፤ ቁመቱን አይተን ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«ይረጋጉ እናቴ። ሁኔታው እየተጣራ ነው።»

«አሁን የተተኮሰውን አልሰማህም?»

«ሰምተናል እናቴ።»

ለመስማትስ ሰምተዋል። በዚህ ማንም ሊያማቸው አይችልም።

ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደተለቀለቀች መጣች። የእሷም ልጅ ውስጥ ነው። «ምንድን ነው የሚጣራው? ሻይ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀም፤ እሷም ለማሳቅ ብላ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠበቁት አዛዡን ነው። አዛዡ መጡ። እሳቸው ደግሞ ጋሻ እስኪመጣ አሉ። ጋሻው መጣ። ጋሻውን የሚይዘው ልዩ ቡድን እስኪመጣ ተባለ። ልዩ ቡድኑም መጣ፤ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ጥቁር ለብሶ፣ ማማሩ! እንኳን ተኳሽ እኔም ደነገጥኩ። ያኔ ደግሞ ማን ማንን እንደሚያዝ መነጋገር ጀመሩ። በመሐሉ ቀትሩ ገፋ፤ ጥላችን ከእግራችን ሥር ወጥቶ ወደ አጥሩ ተጋደመ። አንዱ ፖሊስ ለባልደረቦቹ የታሸገ ውሃ አደለ። ለእኔም ሰጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አሳዳጊ አልበደለውም።

እኔ አጥሩን ይዤ የልጄን ስም እጣራ ነበር። ድምፄ ሩቅ ይሄዳል፤ ከማጠቢያ ማሽን ጩኸት በላይ ሳወራ የኖርኩ ነኝ። እንደገና ሲተኮስ ግን ጥብጣቡን በሥሩ ሾልኬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ምሰሶው በሁለት እርምጃ ደርሶ ክንዴን ጨመደደኝ። ለካ መሮጥ ይችላሉ! ታገልኩ፣ ለመንኩ፣ ረገምኩ። አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለልጄ አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። የእጁ አንጓ ላይ ነከስኩት። ከነእጅጌው።

በመጨረሻ ሰውየው ጥይት ሲያልቅበት እጁን ወደ ላይ አድርጎ በገዛ እግሩ ወጣ። ያኔ ጀግንነቱን ባያችሁ! ሁሉም በአንዴ ሮጡ፤ ጋሻው፣ ልዩ ቡድኑ፣ ውሃ አዳዩ ሳይቀር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እሷም ወደ ልጇ እየሮጠች።

የስፖርት አስተማሪው የልጄን ክፍል በር በጀርባው ደግፎ ይዞት ነበር። ጥይቱ በሩን በስቶ ጭኑ ላይ አገኘው። ልጆቹ ሹራባቸውን እያወለቁ አሰሩለት። ብዙ ቆየ። እንዳይፈሩ ብሎም ይቀልድላቸው ነበር አሉ። ሐኪሙ ለሚስቱ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አላት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ልጄ አንድ ጭረት ሳይነካት ወጣች። ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ» እያለ ቤቴን ሞላው። እኔም አሜን አልኩ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጸጉሯን እያበጠርኩላት፣

«እማዬ፣ ድምፅሽን ሰምቼ ነበር» አለችኝ።

«መቼ የኔ ልጅ?»

«ጠረጴዛ ሥር ሆኜ። ስትጠሪኝ ነበር። ቲቸርም ሰማሽ። ‹እናትሽ ናት? በቃ አይዞሽ፣ መጣችልሽ› አለኝ።»

ማበጠሪያው ጸጉሯ ውስጥ ቆመ።

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

«ያዙኝ እናቴ። ፖሊሶቹ ያዙኝ።»

«አንቺን?»

ዞር ብላ አየችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ «አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት» እያልኩ ሰልፉን ሰንጥቄ የምገባ ሴት ነኝ። ጃንጥላዬን ረስቼ ወርጄ አውቶቡስ ወደ ኋላ ያስመለስኩ ሴት ነኝ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ እናቷን የሚያቆም ነገር አይታ አታውቅም። እና ያን ቀን፣ ያን ቀን ብቻ፣ አንድ ጥብጣብ አቆማት?

«እሺ» አለችና ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደች።

የልጅ «እሺ» ከስድብ ይከፋል። ከዚያ ወዲህ ጸጉሯን ራሷ ታበጥራለች፤ አንዱ ጎን ሁልጊዜ እንደተንጨባረረ ይቀራል። ትምህርት ቤት አልሄድም አለች፤ ያ አልገረመኝም። መንገድ ስንሻገር ግን እጄን አትይዝም። መኪናውን ራሷ ግራ ቀኝ አይታ፣ ብቻዋን ትሻገራለች። እኔ ከኋላዋ እንደ ባዕድ እከተላለሁ።

ስለ ንክሻው ለምን አልነገርሻትም ትሉኝ ይሆናል። አፀደ ሕፃናት ሳለች ይቺው ልጄ ትናከስ ነበር። ጥርሷ ያላረፈበት ልጅ አልነበረም። «ሰው አይነከስም! የሚናከስ እንስሳ ነው!» እያልኩ፣ እየተቆጣሁ፣ እያባበልኩ ያስተውኳት እኔ ነኝ። አሁን በየትኛው አፌ? ደግሞም ብነግራት ያው የእኔ ቃል ነው፤ እናት ልጇ ፊት ላለማፈር ምን የማትለው አለ? እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእነዚያ ዩኒፎርም ከለበሱት አንዱ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ልጄ ፊት ቆሞ «እናትሽ ልትገባ ነበር፤ የከለከልናት እኛ ነን» እንዲል።

ፖሊሶች እንደማይዘገዩ ሌላም ማስረጃ አለኝ። በማግሥቱ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሁለት ሆነው በሬን አንኳኩ። የንክሻው ጉዳይ ነው። የእኔን ቤት ለማግኘት አዛዥም፣ ጋሻም፣ ልዩ ቡድንም አላስፈለጋቸውም። ልጄ አልነቃችም፤ በሹክሹክታ ተከራከርን።

«የሕግ አስከባሪን ሥራ በማደናቀፍ ተጠርጥረሻል» አለኝ አንደኛው።

«የቱን ሥራ?»

«በሥራ ላይ የነበረ ፖሊስ ነክሰሻል።»

«ቆሞ እኮ ነበር። መቆሙን ነው ያደናቀፍኩት?»

ጓደኛው ሳል ያዘው። ሳቅ ይሁን ሳል እግዜር ይወቅ። ስትጠሪ ትቀርቢያለሽ ብለውኝ ሄዱ።

ሥራ ቦታም አላሳረፉኝም። የእነሱን ዩኒፎርም የሚያጥበው የእኛ ቤት ነው። የዚያ ሳምንት ልብስ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጉልበቱ ንጹሕ፣ ብብቱ ደረቅ፣ የሱሪው መስመር ባለፈው ሳምንት እንዳወጣሁት ቀጥ ብሎ አለ። አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አይታ «የዛሬውስ ቀላል ነው» አለች። «አዎ» አልኳት፤ «ለእነሱም ቀላል ነበር።»

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። «የምስጋናና የማብራሪያ መድረክ» ይላል በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ። ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማን ማንን እንደሚያመሰግን አልተጻፈበትም፤ ቦታ አልበቃ ብሏቸው ይሆናል። አዛዡ ራሳቸው ተገኝተው ለወላጆች ያብራራሉ ተባለ። እኔም ልጄን «አብረሽኝ ነይ» አልኳት።

«አልገባም።»

«አትገቢም። ደጅ ትቆሚያለሽ።»

አዳራሹ በመንገዱ በኩል ነው፤ ከክፍሎቹ ይርቃል። እሺ አለች። ያን «እሺ» ማለቴ ነው፣ ያንኑ።

አዳራሹ አምሮ ነበር፤ እውነት ለመናገር። ወንበር በወንበር፣ መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ። የውሃ ነገር ላይ ሰነፍ ናቸው አይባልም። አዛዡና ዳይሬክተሩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ የበሩ መዝጊያዎች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ምሰሶው። ሲያየኝ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

የስፖርት አስተማሪው ሚስት ስትመጣ ሁላችንም መንገድ ለቀቅንላት። ቀድማን ደረጃውን ወጣች፣ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይግቡ እኅቴ» አላት ምሰሶው።

«ቆይ» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ድሮም ጮኻ አታውቅም። «መጀመሪያ ሁኔታው ይጣራ።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለዳቦ ጋጋሪዋ ነው። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ከአንዱ የበረንዳ ቋሚ ወደ ሌላው ወጥራ አሰረችው፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«ማለፍ ክልክል ነው! ወላጆች፣ ተረጋጉ!»

ማንም አልገባም። ደረጃው ሞላ፣ ግቢው ሞላ። ከአዳራሹ ውስጥ ባዶ ወንበሮቹ ያዩናል። ዳይሬክተሩ ክራባታቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

«ምነው ወላጆች? ለምን አትገቡም? ክቡር አዛዡ እየጠበቋችሁ ነው እኮ!»

«ደርሰናል ጋሼ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «አልዘገየንም። በቦታው ነን።»

«መድረሳችሁንማ አየሁ። ግቡ እንጂ!»

«ጋሻ እየጠበቅን ነው» አለ ከኋላ አንድ አባት።

«የምን ጋሻ?»

«ውስጥ ያሉት ንግግር ይዘዋል ተብለናል። ያለ ጋሻ አደጋ ነው።»

ሳቁ ከደረጃው ጀምሮ እስከ አጥሩ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ሳይሆን አይቀርም። አንዷ «አዛዣችን ማን ነው?» ስትል ሌላዋ «እሱን ነው የምንነጋገርበት» ትላታለች። አንዱ «ከበናቸዋል፣ የትም አያመልጡም» ይላል። እኔም ጥርሴን ከፍቼ ስቄያለሁ። ዞር ስል ልጄ አጥሩን ተደግፋ ታየኛለች። አልሳቀችም። እሷ ያየችው እናቷን ነው፤ ከበሩ ውጭ ቆማ፣ ሳትገባ።

አዛዡ ንግግራቸውን ለወንበሮቹ ጀመሩ። በድምፅ ማጉያው «ፈጣን ምላሽ»፣ «ከፍተኛ መስዋዕትነት» ሲሉ ይሰማናል። ወንበሮቹ በትሕትና አዳመጡ። እኛ ቆምን። ፀሐይዋ አናታችንን አለፈች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከልጇ ቦርሳ ውሃ አውጥታ ለምልክት ያህል አንድ አንድ ጉንጭ አዳረሰችን፤ ለምሰሶውም ሰጠችው። አልጠጣም።

በመጨረሻ አዛዡ ትዕግሥታቸው አለቀ። ማይክሮፎኑን እንደያዙ፣ ገመዱን እየጎተቱ፣ እስከ ደፉ መጡ። ፊታቸው በላብ ወዝቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ቀልድ? የከለከላችሁ ማን ነው? በሩ ክፍት ነው! ሁለት እርምጃ ናት፣ መግባት ብቻ ነው!»

ድምፁ ግቢውን ሁሉ ዞረ። የስፖርት አስተማሪው ሚስት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያን ቀንም ክፍት ነበር» አለች።

አዛዡ አፋቸውን ከፈቱ። ማይክሮፎኑ ትንፋሻቸውን አሰማን፤ ሌላ የሚያሰማው ነገር አላገኘም። ከዚያ ዞሩና በመድረኩ አጠገብ ወዳለው የጓሮ በር አቀኑ። አረማመዳቸውን ስታዩ ጋሻ የሚጠብቅ ሰው አይመስሉም።

ሊሄዱ ነው! ልጄ ሳትሰማ፣ አንዲት ቃል ሳይሉልኝ ሊሄዱ ነው። የሆንኩትን አላውቅም፤ ሻሹን በሥሩ ሾልኬ ሮጥኩ።

«ክቡር አዛዥ! አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት!»

ወንበሮቹ መሐል ሳልደርስ ክንዴን አንድ ነገር ጨመደደው። ያው እጅ፣ ያው ክንዴ፣ ያችው ቦታ። ምሰሶው ነው። በኋላ እንደነገረኝ ማንም ያዝ አላለውም፤ ሰው በሥሩ ሾልኮ ሲሮጥ ሲያይ እጁ በራሱ ተነሣ። እኔም እንደ ልማዴ ታገልኩ።

«ልቀቃት!»

ልጄ ናት። አልገባም ያለችው ልጅ አዳራሹ መሐል ቆማለች፤ ሻሹን በየት በኩል እንዳለፈችው አላየሁም። ቡጢዋን ጨብጣለች። ምሰሶው እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀኝ። እጅጌው ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር። አንጓው ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጎበጠ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ምልክት አለ።

ልጄ አየችው። በንክሻ ላይ ዕውቀት አላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ምሰሶው ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያዘው ሰው ፈለገ መሰለኝ። ከጓሮ የመኪና ሞተር ሲነሣ ይሰማል። ማንም የለም።

«ንክሻ ነው» አለ።

«ማነው የነከሰህ?»

ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«እናትሽ።»

«መቼ?»

«ያን ቀን። ወደ እናንተ ልትገባ ስትሮጥ ያዝኳት። አልለቅም ስላት ነከሰችኝ።»

«ከዚያ ለቀቅካት?»

«አልለቀቅኳትም።»

«ለምን?»

«ማንም እንዳያልፍ ተብዬ ነበር።»

«እኛ ውስጥ እያለን?»

ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ልጄን ቁልቁል ማየት ከበደው፤ ጎንበስ አለ።

«እናንተ ውስጥ እያላችሁ» አለ።

ጥያቄ ለመመለስ አዛዥ ያላስፈለገው እሱ ብቻ ነው። ይህን ያለ አሽሙር ነው የምለው። ብዙ አይደለም፤ የስፖርት አስተማሪውንም አይመልስም። ሚስቱ ደፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ደረጃውን ወረደች፤ እኛም ተከተልናት። ዳቦ ጋጋሪዋ ሻሿን ፈታ መልሳ ራሷ ላይ አሰረችው።

በሬዲዮ «ከወላጆች ጋር ግልጽና ፍሬያማ ውይይት ተካሄደ» ተባለ። ወንበሮቹን አነጋግረው ይሆናል። የእኔ የንክሻ ክስም አልተዘጋም፤ ይህን ጉዳይ ሌት ተቀን እየሠሩበት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጋ ደርሰን ልጄ ግራ ቀኝ አላየችም። እጄን ያዘችና ተሻገርን። ቤት ስንገባ ማበጠሪያውን አምጥታ ጉልበቶቼ መሐል ተቀመጠች። የተንጨባረረውን ጎን ጀመርኩ፤ ተቋጥሯል፣ ብዙ ሥራ አለው።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ሰው አይነከስም ትይ አልነበር?»

«አይነከስም።»

ትንሽ አሰበች።

«ከነልብሱ ነው የነከስሽው?»

«ከነእጅጌው።»

«ምን ምን ይላል?»

«ሳሙና ሳሙና» አልኳት። «የእኛው ቤት ሳሙና ነው። ያጠብኩት እኔ ነኛ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ፊቷን ሳይ እየሳቀች ነው። ማበጠሪያው ከእጄ አመለጠኝ።

«አትንቀሳቀሺ» አልኳት፤ «ገና ይሄኛው ጎን አላለቀም።»